ትንሿ ሞተር፦ የመኪና ማስነሻ ታሪክና የአሮጌ መኪኖች አጠባበቅ ጥያቄ

ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋኩልቲው የንግግር መርሐ ግብር የቀረበ



መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የወጡት በአንዲት ቮልስዋገን የኋላ መቀመጫ ተቀምጠው መሆኑን በዚህ አዳራሽ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ስለዚያ ዕለት ብዙ ተጽፏል። ስለ ወረደው ዙፋንና ስለ ተተካው ሥርዓት የተባለውን እናንተ ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ። ስለ መኪናዋ ግን ትንሽነቷ እንደ ምልክት ከመወሰዱ በቀር እምብዛም የተነገረ ነገር የለም። የቴክኖሎጂን ታሪክ የሚያጠና ሰው ሌላ ጥያቄ ይጨምርበታል፦ እንዲህ ያለች መኪና ማንም ጉልበቱን ሳያፈስ፣ በቁልፍ አንድ ዙር የምትነሳው እንዴት ነው? ይህስ ነገር ማንም የማያስተውለው ተራ ነገር የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው?

የዛሬው ንግግሬ የመኪናን ሞተር ስለምታስነሳው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። በአገራችን ጋራዦች «ሞተሪኖ» እንላታለን። ቃሉ እንደ ካምቢዮ፣ እንደ ፍሪሲዮንና እንደ ካንዴላ ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ትንሽ ሞተር» ማለት ነው። ዛሬ በአሮጌ መኪና ባለቤቶች ዘንድ የሚያነጋግረው ደግሞ ከነባሩ ሞተሪኖ በመጠን ያነሰ፣ በክብደት የቀለለ፣ በጉልበት ግን የበረታ ዓይነት ነው። «ሚኒ ስታርተር» ይሉታል፤ እኔ «ሚኒ ሞተሪኖ» እለዋለሁ። ስሙን ቃል በቃል ብንፈታው «ትንሽ ትንሽ ሞተር» ይሆናል ማለት ነው።

ላስረዳ የምፈልገው ነገር አንድ ነው። በአሮጌ መኪና ላይ አዲስ ዕቃ መግጠም የመካኒክ ሥራ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የታሪክ ፍርድም አለበት። ፍርዱም እንደ ማንኛውም የታሪክ ፍርድ ከማስረጃ መጀመር አለበት። ይህን ለማሳየት በመጀመሪያ የማስነሻውን ታሪክ፣ ቀጥሎ የአመራረጡንና የአገጣጠሙን ነገር፣ በመጨረሻም የአጠባበቁን ጥያቄ አነሣለሁ። ዓ.ም. የሚል ካልተጨመረበት በቀር የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በክንድ የሚነሳ ሞተር

የእንፋሎት ሞተርም ሆነ የኤሌክትሪክ ሞተር ከቆመበት በራሱ ኃይል ይነሳል። የቤንዚን ሞተር ግን አይችልም። ኃይል ከመስጠቱ በፊት አየርና ቤንዚን መሳብ፣ የሳበውን ማመቅ፣ ያመቀውን ማቀጣጠል አለበት፤ እነዚህን ሁሉ ለማድረግ ደግሞ አስቀድሞ መዞር አለበት። ስለዚህ የመጀመሪያውን ዙር ከውጭ የሚያዞርለት ይፈልጋል። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤዴ ቤንትሌይ ለዳግማዊ ምኒልክ ወደ አዲስ አበባ ይዞት የመጣው መኪና የዚያ ዘመን ነበር። ሞተሩን ያዞር የነበረው ከፊት ለፊት በሚሰካ የብረት እጀታ የሰው ክንድ ነው።

ሥራው ከባድ ብቻ ሳይሆን አደገኛም ነበር። በዚያ ዘመን የእሳቱን ጊዜ የሚያስተካክለው አሽከርካሪው ራሱ ነው። ከማዞሩ በፊት እሳቱን ማዘግየት ከረሳ ሞተሩ ያለ ጊዜው ይተኩስና ወደ ኋላ ይመለሳል፤ እጀታውም አብሮ ይመለሳል። የተሰበረ ክንድና የተመታ መንጋጋ በጊዜው የነበሩ ሐኪሞች በደንብ የሚያውቁት ጉዳት ነበር።

ስለ ኤሌክትሪክ ማስነሻ መፈጠር የሚተረከው ታሪክም በእንዲህ ያለ አደጋ ይጀምራል። የዲትሮይቱ መኪና ሠሪ ባይረን ካርተር በቤል አይል ድልድይ ላይ መኪናዋ የቆመችባትን ሴት ሊረዳ ወርዶ እጀታው መታው፤ በዚያም ሰበብ ሞተ፤ ወዳጁ የካዲላክ ኃላፊ ሄንሪ ሌላንድ በሐዘን ተነሣሥቶ እጀታው እንዲቀር አዘዘ ይባላል። ታሪኩ ልብ ይነካል። ይሁን እንጂ ብዙ ጸሐፊዎች አደጋውን በ1910 ክረምት ያደርጉታል፤ ካርተር የሞተው ግን በሚያዝያ 1908 ነው። የሞተ ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ መኪና ሊያስነሳ አይወርድም። ሌላንድ የእጅ ማዞሪያን ሊያስቀር መፈለጉ እርግጥ ነው፤ ምክንያቱን ግን በአንድ አሳዛኝ ዕለት ማጠር የተራኪዎች ፍላጎት ይመስለኛል። ይህን ያነሣሁት በኋላ ወደ ጋራዥ ስንገባ ስለሚያስፈልገን ነው፦ በደንብ የተነገረ ነገር ሁሉ የተመረመረ ነገር አይደለም።

የኬተሪንግ እሳቤ

ሌላንድ ሥራውን የሰጠው በኦሃዮ ግዛት በዴይተን ከተማ ለነበረው ለቻርልስ ኬተሪንግ ነው። ኬተሪንግ ከዚያ ቀደም በዚያው ከተማ በሚገኘው ናሽናል ካሽ ሬጅስተር ድርጅት የገንዘብ መመዝገቢያ ማሽንን በኤሌክትሪክ የሚያንቀሳቅስ ሞተር ሠርቶ ነበር። በ1909 ከኤድዋርድ ዲድስ ጋር «ዴልኮ» ተብሎ የሚታወቀውን ድርጅት አቋቋመ።

ችግሩ ግልጽ ነበር። በዘመኑ መሐንዲሶች ስሌት የመኪና ሞተርን ለማዞር የሚበቃ የኤሌክትሪክ ሞተር ከነባትሪው መኪናውን የሚያጨናንቅ ግዙፍ ነገር መሆን ነበረበት። ስሌቱ ትክክል ነው፤ የተነሣበት ግምት ግን የተሳሳተ ነበር። ስሌቱ ያሰበው ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ሞተርን ነው። ኬተሪንግ ከገንዘብ መመዝገቢያው የተማረው ግን ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ የሚሠራ ሞተር ከመጠኑ በላይ ቢጫንበትም ሳይቃጠል ሥራውን እንደሚጨርስ ነው። መሳቢያውን ከፍቶ ያርፋል፤ ሞተሩን አስነሥቶ ያርፋል። በዚህ ላይ ማርሽ ጨመረበት። ትንሿ ሞተር በፍጥነት ትሽከረከራለች፤ ማርሹ ፍጥነቱን ቀንሶ ወደ ጉልበት ይለውጠዋል።

ማስነሻው በየካቲት 1911 በካዲላክ መኪና ላይ ተሞከረ፤ በ1912 ሞዴሎችም መደበኛ ዕቃ ሆነ። ያ መሣሪያ ሞተሩን ያስነሳል፤ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ደግሞ እርሱው ዲናሞ ሆኖ ባትሪውን ይሞላል። ሲያስነሳ በ24 ቮልት፣ ሲሞላ በ6 ቮልት ይሠራ ነበር። ካዲላክ በዚህ ሥራ የብሪታንያን የደዋር ዋንጫ አገኘ። የፎርድ ሞዴል ቲ እንኳ በ1919 የኤሌክትሪክ ማስነሻ ተገጠመለት። የእጀታው ዘመን በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ ማክተሙ ተቃረበ።

ከእጀታው ጋር ሌላም ነገር አከተመ። በ1900 በአሜሪካ ከተሠሩት መኪኖች ከሩብ የሚበልጡት ኤሌክትሪክ ነበሩ። ጸጥተኞች፣ ጭስ አልባ፣ ያለ ጉልበት የሚነሱ ነበሩና ብዙ ሰው ይወዳቸው ነበር። የሄንሪ ፎርድ ባለቤት ክላራ ፎርድ ራሷ ዲትሮይት ኤሌክትሪክ የተባለችውን መኪና ትነዳ ነበር። የቤንዚን መኪና ያለ እጀታ መነሳት ሲጀምር ግን የኤሌክትሪክ መኪና ካሉት ብልጫዎች አንዱን ዋና ብልጫ አጣ። ቤንዚን ርካሽ መሆኑና የመንገዶች መርዘም የቀረውን ጨረሱት። የመጀመሪያውን የኤሌክትሪክ መኪና ዘመን ከዘጉት ነገሮች አንዱ፣ እንግዲህ፣ አንዲት የኤሌክትሪክ ሞተር ናት። ወደዚህ ነጥብ በመጨረሻ እመለሳለሁ።

በዚህ አጋጣሚ «የኤሌክትሪክ ማስነሻ የተፈጠረው ለሴቶች ነው» የሚለውን አባባል ማረም ያስፈልጋል። የታሪክ ጸሐፊዋ ቨርጂኒያ ሻርፍ በዘመኑ ምቾት የሚሰጥ ነገር ሁሉ ለሴቶች ታስቦ እንደ ተሠራ ተደርጎ ይነገር እንደ ነበር አሳይታለች። ክንዱ እንዲሰበር የሚፈልግ ወንድ ግን አልነበረም።

ከቤንዲክስ እስከ ሚኒ ሞተሪኖ

ከኬተሪንግ በኋላ ቀሪው ጥያቄ ትንሿ ሞተር ከትልቁ ሞተር ጋር እንዴት ተገናኝታ እንዴት ትለያይ የሚል ነበር። ቮላኖ የምንለው ከባድ መንኰራኩር በዙሪያው የጥርስ ቀለበት አለው። የሞተሪኖዋ ትንሽ ማርሽ ከዚያ ጥርስ ጋር ትያያዛለች። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ሳትላቀቅ ብትቀር ግን ቮላኖው በአሥር እጥፍ በሚበልጥ ፍጥነት ያሽከረክራትና ይሰብራታል።

ቪንሰንት ቤንዲክስ ጠመዝማዛ ጥርስ ባለው ዘንግ ላይ የምትንሸራተት ማርሽ አቀረበ። ዘንጉ በድንገት ሲዞር ማርሿ በራሷ ክብደት ምክንያት ወደ ኋላ ትቀርና በጥምዝምዙ እየተገፋች ወደ ጥርሱ ትገባለች፤ ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ በመጣችበት ትመለሳለች። ሠሪው በብዙ አገር ጋራዦች ስሙን ለዕቃው ትቶ አልፏል። ቀጥሎ የመጣው አሠራር ሶሌኖይድ የሚባለውን ማግኔታዊ መሳቢያ ተጠቅሞ መጀመሪያ ማርሿን ወደ ጥርሱ ያስገባል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ዋናውን ኤሌክትሪክ ይለቃል። ይህ ለጥርሱ የዋህ ነው።

በሁለቱም ውስጥ ግን ሞተሪኖዋ ማርሿን የምታዞረው በቀጥታ ነበር። በ1962 የክራይስለር ድርጅት በሞተሪኖዋ አካል ውስጥ 3.5 ለ 1 የሚቀንስ ማርሽ የጨመረ ዓይነት አወጣ። ድምፁ የተለየ ስለ ነበር የዚያ ዘመን የክራይስለር መኪኖች ገና ሲነሱ ይታወቁ ነበር። በ1980ዎቹ ደግሞ ሁለት ነገሮች ተጨመሩ። አንደኛው በመካከለኛው ማርሽ ዙሪያ ሌሎች ማርሾች እንደ ፕላኔት የሚዞሩበት ጠባብ አቀማመጥ ነው። ሁለተኛው በመዳብ ጥምጥም ምትክ ቋሚ ማግኔት መጠቀም ነው። በዚያው አሥር ዓመት ጄኔራል ሞተርስና የጃፓኑ ሱሚቶሞ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ከኒዮዲሚየም፣ ከብረትና ከቦሮን የተሠራውን ብርቱ ማግኔት ሲያወጡ፣ ጄኔራል ሞተርስ አስቀድሞ ያሰበለት ሥራ ሞተሪኖ ነበር።

ስሌቱ ቀላል ነው። የቮላኖው ቀለበት 130 ጥርስ፣ የሞተሪኖዋ ማርሽ 9 ጥርስ ቢኖራቸው የሞተሪኖዋ ጉልበት ከ14 ጊዜ በላይ ተባዝቶ ወደ ሞተሩ ይደርሳል። በውስጧ 4 ለ 1 የሚቀንስ ማርሽ ቢጨመር ብዜቱ ወደ 58 ከፍ ይላል። ስለዚህ ትንሽና ፈጣን ሞተር የትልቁን ሥራ ትሠራለች። ልብ በሉ፤ ይህ የኬተሪንግ እሳቤ ነው። ሚኒ ሞተሪኖ መልኩ አዲስ ነው፤ መርሑ ግን ከ1912 ጀምሮ ያለ ነው። «ለአሮጌ መኪና ባዕድ ነገር ነው» የሚለውን ክርክር በዚህ ነጥብ ላይ እቃወማለሁ። «ስለዚህ ያለ ሐሳብ ይገጠም» የሚለውንም እንዲሁ። ለምን እንደሆነ ከራሴ ስሕተት ላስረዳ።

የአንዲት ቮልስ ጉዳይ

ከአባቴ የወረስኳት ቮልስ በ1968 የተሠራች ናት። ማለዳ ላይ ያለ ችግር ትነሳለች። ረጅም ዳገት ወጥታ ከሞቀች በኋላ ካጠፋኋት ግን ቁልፉን ሳዞር «ጭክ» ከማለት በቀር መልስ አልነበራትም። ግማሽ ሰዓት ስትቀዘቅዝ እንደገና ትነሳለች። እኔም ባነበብኳቸው ምክሮች ተመርቼ ጥፋቱን በአሮጌዋ ሞተሪኖ ላይ ጣልኩ። አሜሪካ ያለ ዘመዴ ሚኒ ሞተሪኖ በሻንጣው ይዞልኝ መጣ፤ አስገጠምኩ። ለሁለት ሳምንት ያህል ደኅና ነበረች። ከዚያ በኋላ ያው «ጭክ» ተመለሰ።

በመጨረሻ ወደ አንድ አንጋፋ መካኒክ ወሰድኳት። ሞተሪኖዋን አልነኩም። ቴስተር አውጥተው አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን በካምቢዮው ላይ ይዘው «ልጄ፣ አሁን አስነሣ» አሉኝ። ቁልፉን ስይዝ ቴስተሩ ከ2 ቮልት በላይ አሳየ።

«ጋሼ፣ ይህ ምን ማለት ነው?» አልኳቸው።

«ባትሪህ የሰጠው ሞተሪኖህ ጋ አልደረሰም ማለት ነው። መንገድ ላይ ቀርቷል» አሉኝ።

ከመኪናዋ ሥር ገብተው ካምቢዮውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያገናኘውን የተጠለፈ ሽቦ አሳዩኝ። ግማሹ ተበልቶ የቀረው ዝጎ ነበር። ሞተሩና ካምቢዮው በጎማ ላይ የተቀመጡ ስለሆኑ ለሞተሪኖዋ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ሁሉ ወደ ባትሪው የሚመለሰው በዚያ ሽቦ ነው። ሞተሪኖ ስታስነሳ 200 አምፔር ብትስብ የአንድ ኦም መቶኛ እንኳ እንቅፋት 2 ቮልት ይወስዳል። ከ12 ቮልት ላይ ያ ትልቅ ጉዳይ ነው። ጥሩ ሽቦ ላይ ግን ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት መብለጥ የለበትም። ሽቦው ተቀየረ፤ ችግሩም ጠፋ። አሮጌዋ ሞተሪኖ ካርቦኗና ቦኮላዋ ታድሰው ወደ ቦታዋ ስትመለስም ያለ እንከን አስነሣች።

እኔ የታሪክ ተማሪ ሆኜ ሳለሁ የካርተርን ሞት ዓመት የሚመረምር ዓይኔን ወደ ጋራዥ ይዤ አልገባሁም። የተተረከውን ምክንያት ተቀብዬ ማስረጃውን ሳላይ ፈረድኩ። እኚያ አባት ግን መጀመሪያ ለኩ።

እንዴት ይመረጣል? እንዴት ይገጠማል?

ስለዚህ የአመራረጡ የመጀመሪያ ደረጃ መግዛት አይደለም። ባትሪው፣ ወፍራሞቹ ሽቦዎች፣ የተጠለፈው መመለሻ ሽቦና ከቁልፉ ወደ ሶሌኖይዱ የሚሄደው ቀጭን ሽቦ በየተራ ይለካሉ። በቮልስ ላይ ይህ ቀጭን ሽቦ ከፊት እስከ ኋላ ረጅም መንገድ የሚሄድ በመሆኑ ሲያረጅ ሶሌኖይዱን ማንቀሳቀስ ያቅተዋል። አንዲት ሪሌ በመጨመር የሚፈታን ችግር አዲስ ሞተሪኖ በመግዛት መፍታት ዋጋውን ማብዛት ነው።

ሚኒ ሞተሪኖ በእውነት የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ። ነባሯ ከጥገና በላይ ስትሆን፣ ሞተሩ ተሻሽሎ እመቃው ሲጨምር ወይም የጭስ ማውጫው ሙቀትና የቦታ ጥበት ትልቋን ሲያስቸግራት ነው። በቮልስ ላይ ሌላ ልዩ ምክንያት አለ። የነባሯ ሞተሪኖ ዘንግ ጫፍ የሚደገፈው በካምቢዮው አካል ውስጥ በተቀመጠች ቦኮላ፣ ማለትም በትንሽ የነሐስ ቀለበት ነው። የቦኮላዋ ማረፊያ ራሱ ከተበላ ዘንጉ ይንገዋለላል። ሚኒ ሞተሪኖ ግን ዘንጓን በራሷ አካል ውስጥ ስለምትደግፍ ያቺን ቦኮላ አትፈልግም። እኔ ያስመጣኋት የሄደችው እንዲህ ያለ ችግር ወዳለበት ወደ አንድ ወዳጄ መኪና ነው፤ እዚያ በእርግጥ ታስፈልግ ነበር።

ለመግዛት ከተወሰነ በኋላ ጥርስ ይቆጠራል። የ6 ቮልት ቮልስ ቮላኖ 109 ጥርስ፣ የ12 ቮልቱ 130 ጥርስ አለው። ለውጡ በአብዛኞቹ ሞዴሎች የመጣው በ1967 የምርት ዘመን ነው፤ ሆኖም በአንዳንድ ገበያዎች የተሸጡ ርካሽ ሞዴሎች ከዚያም በኋላ በ6 ቮልት ቆይተዋል። ከዚህም በላይ የብዙ መኪኖች ሞተርና ካምቢዮ በዕድሜ ዘመናቸው ተቀያይሯል። ስለዚህ በሊብሬው ላይ የተጻፈው ዓመት ምስክር እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ሰነዱ ይነበብ፤ ጥርሱ ግን ይቆጠር።

ከቮልስ ወጥተን እንደ ኤምጂና እንደ ኦስቲን ሚኒ ያሉ የእንግሊዝ መኪኖችን ብንመለከት ጥንቃቄው ይጨምራል። በእነዚህ ላይ ቀድሞ የነበረው የቤንዲክስ ዓይነት ነው። በሶሌኖይድ የምትገባ ማርሽ ወደ ጥርሱ የምትመጣበት አቅጣጫ ሊለይ ስለሚችል የጥርሱ ጠርዝ የተሳለው በየትኛው ወገን እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። የዚያ ዘመን ብዙ የእንግሊዝ መኪኖች ከአካላቸው ጋር የሚያገናኙት የባትሪውን ፖዘቲቭ መሆኑም አይረሳ። በመዳብ ጥምጥም የሚሠራው ነባር ሞተሪኖ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ቢለዋወጡም የሚዞረው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። በቋሚ ማግኔት የሚሠራው ግን ወደ ኋላ ይዞራል።

ሌላም ረቂቅ ነገር አለ። በእነዚሁ መኪኖች ላይ ሶሌኖይዱ ከሞተሪኖዋ ርቆ የተተከለ ሲሆን ሚኒ ሞተሪኖ ደግሞ የራሷን ሶሌኖይድ ይዛ ትመጣለች። አንዳንዱ ሰው ሽቦ ላለመጨመር በሞተሪኖዋ ላይ ወፍራሙን መግቢያ ከሶሌኖይዷ ማዘዣ ጋር በአጭር ሽቦ ያያይዛል። ቁልፉ ሲለቀቅ ማግኔት ያላት ሞተሪኖ ገና እየተሽከረከረች እንደ ዲናሞ ኤሌክትሪክ ታመነጫለች፤ ያም የራሷን ሶሌኖይድ ይዞ ያቆየዋል፤ ማርሿም ከሚሮጠው ቮላኖ ቶሎ አትላቀቅም። መፍትሔው ወፍራሙን ሽቦ በቀጥታ ከባትሪው፣ ማዘዣውን ለብቻው ከነባሩ ሶሌኖይድ መውጫ ማምጣት ነው።

በቮልስ ላይ ያለው አገጣጠም እንዲህ ነው። አስቀድሞ የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታል፤ ወፍራሙ ሽቦ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ያለበት ስለሆነ ይህን መዝለል አደጋ ነው። መኪናዋ በክሪክ ትነሣና በጠንካራ መደገፊያ ላይ ትቀመጣለች፤ በክሪክ ብቻ በቆመች መኪና ሥር ማንም አይገባም። ሞተሪኖዋ በቀኝ በኩል በሁለት ብሎን ታስራለች። የላይኛው ብሎን ሞተሩን ከካምቢዮ ጋር ከሚያስሩት አንዱ ስለሆነ ዳዶው ያለው በሞተሩ ክፍል ነው፤ ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል። በ30 ቁጥር ላይ ወፍራሞቹ፣ በ50 ቁጥር ላይ ከቁልፉ የመጣው ቀጭን ሽቦ ይታሰራሉ። ከመታሰሩ በፊት አዲሷ ከአሮጌዋ ጎን ተቀምጣ ይለካሉ፦ የብሎኖቹ ርቀት፣ የአፍንጫው ጥልቀት፣ ማርሿ ስታርፍ ከጥርሱ ያላት ክፍተት። የሚገናኙት ገጾች እስከ ብረቱ ይጠረጋሉ፤ ቀለምና ዝገት የኤሌክትሪኩን መመለሻ ይዘጋሉና። ሲያስነሱ የሚሰማ የመፋጨት ድምፅ ካለ ወዲያው ማቆም ነው፤ የተበላ የቮላኖ ጥርስ በአዲስ ሞተሪኖ አይድንም።

ምን እንጠብቃለን?

አሁን ወደ መጨረሻው ጥያቄ ደረስን። የጥንታዊ መኪኖች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን፣ በአጭሩ ፊቫ፣ ለሕንፃዎች ከወጣው ከ1964ቱ የቬኒስ ቻርተር መንፈስ ወስዶ ለተሽከርካሪዎች የቱሪን ቻርተርን አውጥቷል። ጠቅለል ባለ አነጋገር ነባሩ ዕቃ በተቻለ መጠን ይጠበቅ፣ የተለወጠው ይለይ፣ ለውጡም የሚመለስ ይሁን ይላል። በዚህ መለኪያ ሚኒ ሞተሪኖ የሚወገዝ አይደለም። ብረት ካልተቆረጠና ቀዳዳ ካልተበሳ በአንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሁለት ነገሮች ብቻ ይፈለጋሉ፦ የወጣችው ሞተሪኖ አትጣል፤ የተደረገውም ይጻፍ። ቀኑን፣ ምክንያቱንና የተለካውን ቮልት የያዘች አንዲት ወረቀት ለነገ ተመራማሪ ሰነድ ናት።

በአንድ ነገር ግን ከፊቫ ጋር እለያለሁ። ፌዴሬሽኑ ታሪካዊ ተሽከርካሪ የሚለው ቢያንስ 30 ዓመት የሞላውን፣ በታሪካዊ ይዞታው የተጠበቀውንና የዕለት ተዕለት መጓጓዣ ያልሆነውን ነው። ይህ ትርጉም ሌላ አዲስ መኪና በግቢው ላለው ሰው የተጻፈ ነው። በአዲስ አበባ ግን አሮጌ ቮልስ ዛሬም ሰው ወደ ሥራ ያደርሳል፤ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ይወስዳል። የኖረው መሥራቱን ስላላቆመ ነው። በቅርጹ ውስጥ ያለው ታሪክ የቮልፍስቡርግ ፋብሪካ ብቻ አይደለም፤ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ዕቃ በሌለበት ዕቃ የፈጠሩት የመካኒኮቻችንም ነው። የታደሰች ቦኮላ፣ በእጅ የተጠመጠመ መዳብ፣ ከሌላ መኪና የተወሰደ ሽቦ፣ እነዚህ ሁሉ ሰነድ ናቸው። «ወደ ፋብሪካው ይዞታ እንመልስ» ብለን ስንጠርጋቸው የራሳችንን ምዕራፍ እንፍቃለን።

ጉዳዩ አሁን አስቸኳይ የሆነበት ምክንያት አለ። በ2024 መጀመሪያ መንግሥታችን ከኤሌክትሪክ በቀር የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ ይታወቃል። የኤሌክትሪክ መኪና ሞተሪኖ የለውም፤ አያስፈልገውም። ከመቶ ዓመት በፊት የኤሌክትሪክ መኪናን ከመንገድ ለማስወጣት ያገዘችው ትንሽ ሞተር ዛሬ በተራዋ በኤሌክትሪክ መኪና እየተተካች ነው። በዚህ አላዝንም። የሚያሳስበኝ ከእርሷ ጋር የሚሄደው እውቀት ነው፦ የሙቅ ሞተርን «ጭክ» ሰምቶ ጥፋቱ የት እንዳለ የሚገምት ጆሮ፣ ግምቱንም ሳያምን በቴስተር የሚለካ እጅ። እኚያ አንጋፋ መካኒክ ያወቁትን የጻፈላቸው የለም። ደቀ መዝሙሮቻቸውም ቁጥራቸው እየቀነሰ ነው።

ስለዚህ ለተማሪዎቻችን የማቀርበው ሐሳብ አለኝ። የመመረቂያ ርእስ ስትፈልጉ ወደ ቤተ መዛግብት ብቻ አትሂዱ። ደብተርና መቅረጫ ይዛችሁ ወደ ጋራዥ ግቡ። ቃላቱን ሰብስቡ፤ የጥገናውን ቅደም ተከተል ጻፉ፤ ዕቃው ከየት እንደ መጣና በማን እጅ እንዳለፈ ጠይቁ። እኔ የአባቴን ቮልስ ጥገና መመዝገብ የጀመርኩት ከዚያ ስሕተት በኋላ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የተጻፈው የገዛሁት ዕቃ ስም አይደለም፤ በካምቢዮውና በባትሪው መካከል የተለካው ቮልትና የለካው ሰው ስም ነው።